ጋሽ ታፈሰን ይዞ ማለዳ በር ማንኳኳት

ብስክሌት ለመንዳት አንድ ሰው፣ አንድ ብስክሌትና አንድ መንገድ ይበቃል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም እስኪደርስብኝ ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። አሁን ግን ጉዳዩን በሚገባ አጣርቻለሁ። ብስክሌት ለመንዳት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የማን በር፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደሚንኳኳ ማወቅ ነው። ጎማውም፣ ሄልሜቱም፣ ሌላውም ሁሉ ኋላ የሚደረስበት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል። አዲስ አበባ ሳለሁ ሪፖርተር ነበርኩ። እዚህም እሁድ እሁድ ለአንዲት ትንሽ የአማርኛ ሬዲዮ ዜና አቀርባለሁ። በሥራ ቀን ዴንቨር አየር ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ። ስለዚህ በዜናም በጎማም ልምድ አለኝ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ያላረጋገጥኩት ነገር ከአፌ አይወጣም። "ውጭ እየዘነበ ነው እንዴ?" ብትሉኝ መስኮቱን ሳልከፍት አልመልስላችሁም። ባለቤቴ ይህን በሽታ ነው ትለዋለች። እኔ ዲሲፕሊን ነው እላለሁ።

ነገሩን የጀመሩልኝ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ናቸው። ከአውሮፕላን ወርደው እስከ ሻንጣ መውሰጃው ስገፋቸው፣ ጉልበታቸው እምቢ ከማለቱ በፊት በየቅዳሜው ብስክሌት ይነዱ እንደነበር አጫወቱኝ። ከዴንቨር ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወንዙ ከተራራው በሚወጣበት ሸለቆ ውስጥ፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ መንገድ አለ አሉኝ። ባቡሩ ቀርቷል፣ ሐዲዱም ተነስቷል፣ አሁን እግረኛና ብስክሌት የሚሄድበት የጠጠር መንገድ ሆኗል።

"ባቡር ዳገት አይወድም" አሉኝ ሻንጣቸውን ሲቀበሉኝ። "ስለዚህ እዚያ መንገድ ላይ ዳገት የለም።"

ይህች ንግግር ያዘችኝ። ኮሎራዶ ውስጥ ዳገት የሌለው ነገር አይቼ አላውቅም። ወደ ሥራ ዳገት ነው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገት ነው፣ እኔ የምኖርበት የአውሮራ አፓርታማ ራሱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እኔ ግን አንድ ሰው የነገረኝን ይዤ አልሮጥም። ካርታ አየሁ። ሌላ ካርታ አየሁ። በእረፍት ቀኔ በመኪና ሄጄ የሸለቆውን አፍ በዓይኔ አየሁት። ዋተርተን ካንየን ይባላል። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል ገደሉ፣ በመካከሉ ደልደል ያለ መንገድ። ገደሉ ላይ ቀንዳቸው እንደ ጥምጥም የተጠቀለለ የዱር በጎች ቆመው ቁልቁል ያዩኛል። ከሁሉ ጫፍ፣ ሸለቆው ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ግድብ እንዳለ ካርታው ይናገራል። ያን ቀን ስመለስ መኪና ውስጥ ብቻዬን አፏጫለሁ። በፊት መቼ እንዳፏጨሁ ትዝ አይለኝም።

ደስታው ብቻዬን አላስቀምጥ ቢለኝ ለጌታሁን ደወልኩለት። ጌታሁን ካፒቶል ሂል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን በአውቶቡስ ሥራ እንመላለስ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ወዳጄ ነው። አሁን ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቷል፤ ከአየር ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስበት ትልቅ ቫንም አለው።

"ዳገት የለውም?" አለኝ።

"የለውም።"

"ቼክ አድርገሃል?"

"ሁለት ካርታ፣ አንድ ሽማግሌ፣ የራሴ ዓይን።"

"በቃ አለሁበት።"

በነጋታው ሳምሶን ተጨመረ። ሳምሶን አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ነው። ጂም ያዘወትራል፤ ከአንገቱ በታች የሚለብሰው ሁሉ ጥቁርና ጥብቅ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረንም። ኮርቻ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ተከራከርን። ጌታሁን የገዛውን ፓምፕ ፎቶ ላከልን፣ ከዚያ የፓምፑን ካርቶን ፎቶ ላከልን። እኔ ከሥራ ስመለስ አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ ዙሪያውን እየነዳሁ ልምምድ አደርጋለሁ፤ የሰፈሩ ልጆች በረንዳ ላይ ሆነው ያጨበጭቡልኛል። ሥራ ላይ ወንበር ስገፋ እንኳ መታጠፊያው ላይ ትንሽ እንደማጋደል ጀምሮኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጋሽ ታፈሰ የገቡት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ከጌታሁን ጋር ስናወራ ከኋላችን ሆነው ሰሙን።

"ብስክሌት ነው የምትሉት?" አሉ። "እኔ በወጣትነቴ ከፒያሳ ቃሊቲ ነድቼ ተመልሻለሁ። ሐኪሜም ለስኳሩ ተንቀሳቀስ ብሎኛል። ያዙኝ።"

"ጋሽ ታፈሰ፣ የምንነሳው ገና ሳይነጋ ነው" አልኳቸው።

"ማለዳ መነሳት ለእኔ አዲስ ነው እንዴ?" አሉኝ።

አዲስ አልነበረም። ጋሽ ታፈሰ ማን እንደሆኑ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በዴንቨርና በአውሮራ ላለን ሐበሾች መርዶ የሚያረዱልን እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ሁለት ሦስት ሰው ይዘው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ሄደው በሩን ቀስ አድርገው ያንኳኳሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ አነጋገራቸው ያጽናናል፣ እሳቸው ያረዱት ሰው ራሱን ጎድቶ አያውቅም። የተከበሩ ሰው ናቸው። ግን ሰርግ ላይ እንኳ ድንገት አጠገባችሁ ሲቆሙ ልባችሁ አንድ ጊዜ ድንግጥ ይላል።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከብስክሌት ጋር አላያያዝኩትም።

እቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀኑ ፍልሰታ ሳይገባ ያለው የመጨረሻው ቅዳሜ። ሰዓቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ምክንያቱም ፀሐዩ ሳይበረታና ፓርኪንጉ ሳይሞላ መድረስ አለብን። መገናኛው የጌታሁን ቤት፣ ምክንያቱም ቫኑ እዚያ ነው፣ ብስክሌቶቹንም አርብ ወስደን ጋራዡ ውስጥ አስቀምጠናቸዋል። ልብስ ጥቁር፣ ምክንያቱም መንገዱ አቧራ ነው፣ ቆሻሻም አይታይበትም። ደወል አይደወል፣ ቀስ ተብሎ ይንኳኳ፣ ድምፅ ዝቅ ይበል፣ ምክንያቱም ቤቶቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ ጎረቤት ተኝቷል። በሩ ሦስት ጊዜ እንዳይንኳኳ ደግሞ ሦስታችን አንድ ላይ እንድረስ። በስልካችን ግሩፕ ላይ ጽፌ ላክሁት። "ፐርፌክት" አለ ሳምሶን። ጋሽ ታፈሰም ምንም እንግዳ አልሆነባቸውም። እንዴት ይሆንባቸዋል?

የቀረኝ ጌታሁንን አንድ ነገር መጠየቅ ነበር። ባለቤቱ ሰናይት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ማታ ማታ ትሠራለች። እናቷ እማማ ብርቄ አዳማ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ደም ግፊቱ አስቸግሯቸው ሆስፒታል ገብተው ወጥተዋል። ሰናይትም ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትበረግግበት ጊዜ ነበር።

"ለሰናይት እንደምንመጣ ነግረሃታል?" አልኩት።

"ነገርኳት" አለኝ።

ኋላ ሲጣራ የነገራት ተኝታ ሳለች ነው።

ቅዳሜ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ በሩ ላይ ቆምን። ሁሉም እንደ እቅዱ ነው። ሳምሶን ከላይ እስከ ታች ጥቁር። እኔ ጥቁር ሹራብ። ጋሽ ታፈሰ ጥቁር ሱሪያቸው ላይ ካልሲያቸውን ስበውበታል፣ ከላይ ጥቁር ኮት፣ ለብርዱ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ሄልሜታቸውን እንደ ባርኔጣ አውልቀው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ቀስ ብለን አንኳኳን። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ጠበቅን። የእኔ ልብ በደስታ ይመታል። በሕይወቴ እንዲህ በሰዓቱና በሥርዓቱ የሄደ ጉዳይ አላየሁም።

በሩን የከፈተችው ሰናይት ናት። ሥራ አምሽታ ገብታ ገና መተኛቷ ነበር፤ የሌሊት ልብስ ላይ ፎጣ ደርባለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሳምሶንን። ከዚያ ጋሽ ታፈሰን አየች፤ ዓይኗም እሳቸው ላይ ቀረ። በሩን ይዛ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

"ጋሽ ታፈሰ" አለች በቀጭን ድምፅ። "እማዬ ናት?"

ጋሽ ታፈሰ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃውም አድክሟቸዋል።

"መጀመሪያ እንግባና እንቀመጥ ልጄ" አሉ።

እንግዲህ ይህችን ዓረፍተ ነገር በከተማው ውስጥ የማያውቃት የለም። በሰው ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚሏት እሷን ነው። ሰናይት ግድግዳውን ተደግፋ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ አትዋሽም" አለችኝ። "አንተ እንኳ እውነቱን ንገረኝ። እማዬ በሕይወት አለች?"

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ግን ከእማማ ብርቄ ጋር ከተነጋገርኩ ዓመት አልፎኛል።

"ስለ እሳቸው በአሁኑ ሰዓት ያረጋገጥኩት ነገር የለም" አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት አልገልጸውም። ሰናይት ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ሳምሶን ተንበርክኮ "ሰኒ፣ ሰኒ፣ ስሚኝ፣ ብስክሌት ልንነዳ ነው የመጣነው" ይላታል።

"የአባቴ ጊዜ ጋሽ ታፈሰ 'ወደ ገበያ ስናልፍ ጎራ አልን' ነው ያሉኝ" አለች እያለቀሰች። "ገበያ የት አለ በዚያ ሰዓት?"

"እሱስ እውነቷን ነው" አሉ ጋሽ ታፈሰ ቀስ ብለው።

ጌታሁን በዚህ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የተነፈሰ ጎማ እየነፋ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ፓምፑን እንደያዘ ሮጦ ገባ። ሚስቱን አየ። ጋሽ ታፈሰን አየ። ፓምፑ ከእጁ ወደቀ።

"እማማ!" ብሎ አብሯት ተቀመጠ።

ክንዱን ይዤ "ጌታሁን፣ እኛ ነን፤ ለብስክሌት ነው የመጣነው፣ አንተው ነህ የጠራኸን" አልኩት።

በእንባ ውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ። "ይገባኛል" አለኝ። "ለዚህ ነበር ለካ። ይህን ሁሉ ሳምንት ብስክሌት ብስክሌት ያላችሁኝ እንዳልደነግጥ ነው። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን መቼ አረፉ?"

በሁለት ካርታና በአንድ ሽማግሌ አጣርቼ የደከምኩበትን የመርዶ ዝግጅት ነው ብሎ ያመነ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? ሳምሶን ብስክሌቶቹን ሊያሳየው ወደ ጋራዡ ጎተተው። ጌታሁን ብስክሌቶቹን ሲያይ የባሰ አለቀሰ። "ብስክሌት እንኳ ገዛችሁ" ይላል።

ከዚያ የጎን ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘነበች ገቡ። "ምነው ምን ሆናችሁ?" ብለው ጀምረው ጋሽ ታፈሰ ሶፋው ላይ መቀመጣቸውን ሲያዩ ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ በሌላ እጃቸው ስልክ ያወጣሉ። ልከለክላቸው ሞከርኩ። "ወይዘሮ ዘነበች፣ ገና አልተረጋገጠም" አልኳቸው። "አይ ልጄ፣ አንጀትህ አልችል ብሎ ነው" አሉኝ፣ መደወላቸውን ሳያቋርጡ።

ብዙ ዓመት ከዜና ጋር ኖሬአለሁ፤ እንዲህ የሚሮጥ ዜና ግን አላየሁም። ፀሐይ ሳትወጣ መኪና በመኪና ላይ ይቆማል። ዳቦ የያዘ ይገባል፣ ምስር በድስት የያዘ ይገባል፣ የሚታጠፍ ወንበር የተሸከመ ይገባል። ከላይ የጌታሁን ትንሿ ልጅ በፒጃማ ወርዳ ደረጃው ላይ ቆመች። "ማሚ፣ ዋይ ኢዝ ኤቭሪባዲ ክራይንግ?" አለች። ከዚያ የእኔ ስልክ ጮኸ። ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ ነው።

"ሰምተሃል?" አለኝ። "የሰናይት እናት አርፈዋል።"

"ማነው የነገረህ?"

"ሰው ሁሉ እያወራው ነው።"

"ሰው ሁሉ ምንጭ አይደለም። መጀመሪያ የተናገረው ማነው?"

"አንተ ነህ አሉኝ።"

"እኔ እንደዚያ አላልኩም።"

"እሺ፣ ታስተባብላለህ?"

"ማስተባበል አልችልም፤ አላጣራሁም።"

"እንግዲያው ለነገው ፕሮግራም ልያዘው" ብሎ ዘጋው።

ነገሩ ሥራዬ መሆኑ የታወቀኝ ያኔ ነው። ሰውን ማጽናናት ለጋሽ ታፈሰ ይተው፤ የእኔ ድርሻ ማጣራት ነው። እማማ ብርቄ ጋ አስደወልኩ። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ደግመን ደወልን፣ አይነሳም። አዳማ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰው የሚተኛበት ሰዓት አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩ በጠራ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። እውነቱን ልናገር፣ ሦስተኛው ላይ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ሰናይት የእናቷ ጎረቤት የእትዬ ሙሉን ቁጥር አወጣችልን። ሳምሶን ስፒከር ላይ አደረገው።

ተነሳ። ከበስተጀርባ ለቅሶ ይሰማል። የብዙ ሴቶች ለቅሶ።

"ሄሎ፣ ከአሜሪካ ነው" አለ ሳምሶን።

"ውይ" አሉ እትዬ ሙሉ በለቅሶ ድምፅ። "ሰምታችሁ ነው እንዴ?"

ቤቱ ተደረመሰ ማለት ይቻላል። ሳምሶን ራሱ፣ ያ ሁሉ ጡንቻ ያለው ልጅ፣ ስልኩን ሶፋው ላይ ጥሎ ፊቱን ሸፈነ። ስልኩን አንስቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

"እትዬ ሙሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "የሟች ሙሉ ስም ማን ይባላል?"

"አቶ ከበደ ናቸው እንጂ፣ ባለ ወፍጮው። ምን፣ አታውቃቸውም?"

"እማማ ብርቄስ?"

"ብርቄ ይቺው፣ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች።"

"በሕይወት አሉ ማለት ነው?"

"የሞተ ሰው ያለቅሳል እንዴ ልጄ?"

"ትክክል ነው። ግን ራሳቸው ቢያናግሩኝ ይሻለኛል።"

ከመታጠቢያ ቤት ወጥቼ እጄን አነሳሁ። "አንድ ምንጭ አለ" አልኩ። "ሁለተኛው እየመጣ ነው።" ማንም አልገባውም፤ ግን ሁሉም ወደ ስልኩ ዞረ። ከስፒከሩ የእማማ ብርቄ ድምፅ ወጣ።

"ማነው?"

ሰናይት ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። "እማዬ" እያለች ታለቅሳለች። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከአውሮራ የደረሱ አዲስ ለቀስተኞች፣ ምንም የማያውቁ፣ "ወይኔ እናቴን" እያሉ በበሩ ገቡ።

"ማነው እዚያ የሚያለቅሰው?" አሉ እማማ ብርቄ። "ሰናይት፣ ምን ሆናችሁ? ማን ሞተብሽ?"

"ማንም አልሞተም እማዬ። አንቺ ሞተሽ መስሎን ነው።"

"እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ እንጂ መች ሞትኩ? ደግሞ እኔ ብሞት እዚህ አይደለም የሚለቀሰው? አንቺ ቤት ማለዳ ሰው የተሰበሰበው ለምንድን ነው? ጌታሁንን ስጪኝ።"

ጌታሁን ስልኩን ያዘ። ከለቅሶው የተነሳ ድምፁ ተዘግቷል፤ የወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

"ይኼ ጌታሁን አይደለም" አሉ እማማ። "ገብቶኛል። ሰው ከቦሽ ነው የማትነግሪኝ። ኋላ ሚስድ ኮል አደርግልሻለሁ፤ ብቻሽን ሆነሽ ትደውይልኛለሽ።" ዘጉት። መልሰን ብንደውል አያነሱም።

እንግዲህ አዳማ ላይ አንዲት የደም ግፊት ያለባቸው እናት አማቻቸው ሞቷል ብለው ተቀምጠዋል። አሜሪካ ያለው ሕዝብ ደግሞ ነጠላውን ያስተካክላል። ጋሽ ታፈሰ ከሶፋው ተነሱ።

"በዕድሜዬ ብዙ መርዶ አርድቻለሁ" አሉ። "እማማ ብርቄ ደህና ናቸው። እንዲህ ብዬ ለመናገር በመብቃቴ እግዚአብሔር ይመስገን። የመጣችሁትን ሁሉ እሱ ይክፈላችሁ።"

እልልታው ከለቅሶው የበለጠ ጎረቤት ቀሰቀሰ። ወይዘሮ ዘነበች እንባቸውን ጠርገው ድስቶቹን ተመለከቱ።

"ለሐዘን የመጣ ምግብ ወደ መጣበት ቤት አይመለስም" አሉ። "ያ ብስክሌት የምትነዱበት ቦታ ለሰው ይበቃል?"

"ይበቃል" አልኩ። ይህን አረጋግጬ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሄድን። ቫኑ ፊት፣ ከኋላው የለቀስተኛው መኪና ሁሉ፣ እንዳንጠፋፋ መብራታችንን አብርተን ቀስ እያልን። ሀይዌዩ ላይ ፈረንጆቹ ቀብር መስሏቸው መንገድ ይለቁልናል። አንዱ ኮፍያውን ሲያወልቅ አየሁት። ጋሽ ታፈሰ ከቫኑ ውስጥ አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው አጸፋውን መለሱለት። ሰናይት ጋቢና ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ የጌታሁንን እጅጌ ደግሞ አለቅም ብላለች።

ሸለቆው ስንደርስ ያ ሁሉ የጠዋት ጭንቀት ከላዬ ወረደ። ጋሽ ታፈሰ ብስክሌታቸው ላይ ወጡ፣ አንዴ ተንገዳገዱ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስከትለው ሄዱ። እውነትም ከፒያሳ ቃሊቲ ነድተዋል። ሴቶቹ በእግር፣ ልጆቹ እየሮጡ፣ ሳምሶን ምስሩን በጀርባው አዝሎ እየነዳ። ወንዙ ያብረቀርቃል። የዱር በጎቹ ገደሉ ላይ ወጡ፤ ወይዘሮ ዘነበች ቆመው አንዱን በዓይናቸው ገመገሙ። "ለፍልሰታ ፍቺ ይሆን ነበር" አሉ።

አንድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሰናይት ቆመች። ስልኳን ወደ ሰማይ አነሳች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገች።

"ከዚህ በኋላ ኔትወርክ የለም" አለች። "እኔ ከዚህ አላልፍም።"

ሌላውም ሁሉ አላልፍም አለ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ድስቱ ተከፈተ። ግድቡ ገና ሩቅ ነው። እኔ ብስክሌቴን እንደያዝኩ መንገዱን አያለሁ፤ መንገዱም እንደ ገበታ ተዘርግቶ ያየኛል። አንድ እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግኩ። ያኔ የሰናይት ስልክ አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ። መልሳ ደወለች።

"ጋዜጠኛውን ስጪኝ" አሉ እማማ ብርቄ።

ተቀበልኩ።

"ጠዋት እኔ መኖር አለመኖሬን ከሁለት ሰው ያጣራኸው አንተ ነህ?"

"ሥራዬ ነው እማማ።"

"እንግዲያው ለእኔም ሥራልኝ። ሰናይት አለች?"

"አጠገቤ ናት።"

"ልጆቹ?"

"ወንዙ ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ። አያቸዋለሁ።"

"ጌታሁንስ?"

ዞርኩ። ጌታሁን የለም። ከምንጣፉ ላይ የለም፣ ከወንዙ ዳር የለም፣ መንገዱ ላይ የለም። ያ የተነፈሰ ጎማው ከኋላ አስቀርቶት ይሆናል፤ ግን ይሆናል ብዬ አልናገርም። ሰናይት በእጇ "አለ በላት" ትለኛለች። ሳምሶን ራሱን ይነቀንቅልኛል። ጋሽ ታፈሰ ሳይቀሩ በዓይናቸው ለመኑኝ።

"በአሁኑ ሰዓት አይታየኝም" አልኩ።

ከአዳማ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "አውቄው ነበር" አሉ። ድምፃቸው መሰበር ጀመረ።

"እማማ፣ አይዝጉት" አልኩና ብስክሌቴን ወደ መጣንበት አዞርኩ።

ያን ዓይነት አነዳድ ነድቼ አላውቅም። በአንድ እጄ መሪውን፣ በአንድ እጄ ስልኩን ይዣለሁ። ነፋሱ ሹራቤን ይነፋዋል፣ ጠጠሩ ከጎማው ስር ይንጣጣል፣ ወንዙ አብሮኝ ይሮጣል፣ የሸለቆው ግድግዳ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሞኝ ብትሉኝም፣ ከጭንቀቱ ውስጥ ሆኜ ደስ ብሎኛል።

"ምንድን ነው የሚያፏጨው?" አሉ እማማ።

"ነፋስ ነው። ወደ እሱ እየሄድኩ ነው።"

"በመኪና?"

"በብስክሌት።"

"ብስክሌቱ እውነት ነበር እንዴ?" አሉ በጣም ተገርመው።

ጌታሁን አንድ ዛፍ ስር ነበር። ብስክሌቱን ገልብጦታል፣ ጫማውን አውልቋል፣ ከለቅሶው ዳቦ ትልቅ ቁራሽ ጎርሷል።

"አየሁት እማማ።"

"ይተነፍሳል?"

"ዳቦ ይበላል።"

"አገናኘኝ" አሉ። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። አፉ ሞልቷል፤ የወጣው ድምፅ ከጠዋቱ የባሰ ነው። ስልኩን መለስኩት። "እማማ፣ ይዋጥ፣ ትንሽ ይታገሱ" አልኩ።

"ተወው" አሉኝ። "አንተ በዓይንህ አይተኸዋል?"

"በዓይኔ።"

"አንተ ካየኸው ይበቃኛል" አሉና ስልኩን ዘጉት።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ምንጭ ይበቃኛል ያለኝ ሰው አልገጠመኝም ነበር። ጌታሁን በመጨረሻ ዋጠ፣ ውሃ ጠጣበት፣ የሸለቆውን ውስጥ አሻግሮ ተመለከተ።

"ግድቡ ጋ ደረሳችሁ?" አለኝ።

"አልደረስንም።"

"ዳገት አለው እንዴ?"

ላብ ያረጠበውን ፊቴን ጠረግኩ።

"እስከደረስኩበት ድረስ የለውም" አልኩት።